የደም ሥር ካቴተርና ባክቴሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንገታቸው ላይ ካቴተር ያላቸው የኩላሊት እጥበት ታካሚዎች፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው የሚያስታምሙ ቤተሰቦችና አዲስ ሥራ የጀመሩ ነርሶች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ባክቴሪያ ደም ሥር ውስጥ ባለ ፕላስቲክ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ አንዴ ከገባን ሌላው ሁሉ ግልጽ ይሆናል። ነርሷ ለምን "ማስክ አድርጉ" እንደምትል፣ ሐኪሙም ለምን "ይሄ ቱቦ ይውጣ" እንደሚል ይገባናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካቴተር ሲባል የትኛው ነው? እጄ ላይ ያለው ካኑላም ካቴተር ነው?

አዎ። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሁሉ ካቴተር ነው። ግሉኮስ የሚሰቀልበት የእጅ ካኑላ ትንሹ ነው። ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ የሚቆየውም ለቀናት ነው። ትልቁ በአንገት፣ ከአንገት አጥንት ሥር ወይም በብሽሽት በኩል ገብቶ ወደ ልብ በሚወስደው ሰፊ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ነው። የእጥበት ካቴተር ከውጭ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ለአራስ ሕፃናት በእምብርት በኩል የሚገባም አለ። የሽንት ቱቦም ካቴተር ይባላል፤ የሱ ነገር ግን ሌላ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም።

ለወራት እንዲቆይ የሚገባው የእጥበት ካቴተር በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ከቆዳ ሥር ትንሽ መንገድ ይሄዳል። እዚያ በተቀበረው ክፍሉ ላይ ሻካራ የጨርቅ ቀለበት አለ። በሳምንታት ውስጥ ሥጋ ቀለበቱን ይይዘዋል። ቱቦው አይንሸራተትም፣ ከቆዳ የሚመጣ ባክቴሪያም መንገዱ ይጠብበታል። ካቴተሩን መጎተት ክፉ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ባክቴሪያው ከየት ይመጣል? ሆስፒታሉ ስለቆሸሸ ነው?

ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከራሳችን ቆዳ ነው። ቆዳ ላይ ሁልጊዜ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ምንም ያህል ብንታጠብ አያልቁም፤ የፀጉር ሥር ውስጥ የተረፉት ተመልሰው ይራባሉ። ቆዳው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አይጎዱንም። መርፌ ቆዳውን ሲበሳና ቱቦ እዚያው ሲቀር ግን መንገድ ያገኛሉ። በቱቦው የውጭ ገጽ ላይ ተከትለው ወደ ደም ሥር ይዘልቃሉ።

ሌላው መንገድ በቱቦው ውስጥ ነው። መድኃኒት ለመስጠት፣ ደም ለመቅዳት ወይም እጥበት ለመጀመር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር፣ ከእጅ ወይም በደንብ ካልተጠረገ ጫፍ ባክቴሪያ ሊገባ ይችላል።

የትኛው መንገድ ይበልጣል የሚለው በቆይታው ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሂውስተን የኢሳም ራድ ቡድን ከታካሚዎች የወጡ ካቴተሮችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምሮ ነበር። ከ10 ቀን በታች የቆዩት ላይ ባክቴሪያው የበዛው በውጭው ገጽ ነው። ከ30 ቀን በላይ በቆዩት ላይ ደግሞ በውስጠኛው ገጽ። ትርጉሙ ቀላል ነው። ቱቦው አዲስ ሲሆን ዋናው ስጋት የገባበት ቆዳ ነው። ሲከርም ስጋቱ በየጊዜው ወደሚከፈተው ጫፍ ይዞራል።

ከነዚህ ሌላ፣ ሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ላይ ያለ ኢንፌክሽን በደም ተጉዞ ካቴተሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሚሰጠው ፈሳሽ ራሱ ተበክሎ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ይህ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም ብዙ ሰው በአንዴ ይጎዳል። ከአንድ የሳላይን (የጨው ውኃ) ከረጢት እየቀዱ የበርካታ ታካሚዎችን ካኑላ ማጠብ ለዚህ በር ይከፍታል። እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ቱቦው ልስልስ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ደሙም ይፈሳል። ታዲያ ባክቴሪያው እንዴት ይጣበቃል?

ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚይዘው ፕላስቲኩን ሳይሆን ከኛው ደም የመጣውን ነገር ነው።

ቱቦው ደም ውስጥ ከገባ ደቂቃዎች ሳይሞሉ የደም ፕሮቲኖች ያለብሱታል። አልቡሚን ይመጣል፣ ፋይብሪኖጅን ይመጣል፣ ፋይብሮኔክቲን ይመጣል። ፋይብሪኖጅን ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሮቲን ነው። ቁስል ሲደርስብን የሚያድነን እሱ ነው። አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በቱቦው ላይ ቀጭን የፋይብሪን ሽፋን፣ ማለትም ፋይብሪኖጅን ሲረጋ የሚሆነው ክር፣ መሠራት ይጀምራል። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ የቆየ ካቴተር ባዶ ፕላስቲክ አይደለም። የደም ልብስ ለብሷል።

ባክቴሪያው ሲመጣ የመጀመሪያው ግንኙነት የላላ ነው። ስታፊሎኮከስ ካቴተር ላይ በብዛት የሚገኝ የባክቴሪያ ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል ነው። ገጹን ይነካል፣ በደካማ የኤሌክትሪክና ውኃን በሚሸሹ ገጾች መሳሳብ ለጊዜው ይያዛል። በዚህ ሰዓት የደም ፍሰት ሊወስደው ይችላል።

ካልተወሰደ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል፤ ወሳኙም እሱ ነው። ባክቴሪያው በገላው ላይ የማጣበቂያ ፕሮቲኖች አሉት። እነዚህ ፕሮቲኖች የተሠሩት ፋይብሪኖጅንንና ፋይብሮኔክቲንን ፈልገው እንዲይዙ ነው። የቆዳ ነዋሪው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ኤስ-ዲ-አር-ጂ የሚባል አለው። ይህ ፕሮቲን የፋይብሪኖጅንን ጫፍ በሁለት ክፍሎቹ መካከል ያስገባና በራሱ ጅራት ከላይ ይቆልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን ሙኒክና በአሜሪካ ኢሊኖይ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ማያያዣ ለመበጠስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለክተዋል። ወደ 2 ናኖኒውተን (የኒውተን ቢሊዮንኛ) ደረሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሁለት ፕሮቲኖች መካከል ላለ መያያዝ እጅግ ትልቅ ነው፤ በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ያሉ አቶሞች እርስ በርስ ከተሳሰሩበት ጉልበት ጋር ይቀራረባል።

የስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ደግሞ ይብሳል። እሱ ያለው ክላምፒንግ ፋክተር ኤ የሚባል ነው። በዚያው በ2018 ከቤልጅየም የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ፕሮቲን በዝግታ ሲጎተት ደካማ ነው፤ በኃይል ሲጎተት ግን ይጠነክራል። እንደ ሸምቀቆ ማለት ነው። ስለዚህ የደም ፍሰት ያጥበዋል ብለን ልንተማመን አንችልም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ኮአጉሌዝ ያመነጫል። ኮአጉሌዝ ደም ያረጋል። ባክቴሪያው በዚህ መንገድ የሚይዘውን ነገር ራሱ ይጨምራል ማለት ነው። ካቴተር ጫፍ ላይ የረጋ ደምና ኢንፌክሽን አብረው የሚገኙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከተጣበቀ በኋላስ?

መከፋፈል ይጀምራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል። ብዛታቸው በቂ ሲሆን በዙሪያቸው ዝልግልግ ነገር ያመነጫሉ። አብዛኛው የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ፕሮቲንና ከሞቱ ባክቴሪያዎች የወጣ ዲ.ኤን.ኤ.ም አለበት። ስኳሩ ባክቴሪያዎቹን እርስ በርስ ያያይዛል። በዚህ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖረው የባክቴሪያ ስብስብ ባዮፊልም ይባላል።

ባዮፊልሙ ሲበስል ከላዩ ላይ ቁርጥራጭ ይለያል። ብቻቸውን የሚለዩም አሉ፣ በጅምላ የሚለዩም አሉ። ደም ይወስዳቸዋል። ታካሚው የሚያተኩሰውና የሚንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዶቹ የልብ በር ላይ ያርፋሉ፣ አንዳንዶቹ አከርካሪ ውስጥ ይገባሉ። ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ በዚህ በጣም ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ካቴተር ላይ ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። የራድ ቡድን ካያቸው ካቴተሮች አብዛኞቹ ላይ ባክቴሪያ ነበረ፤ አብዛኞቹ ታካሚዎች ግን የደም ኢንፌክሽን አልነበራቸውም። ብዛቱ፣ የባክቴሪያው ዓይነትና የታካሚው አቅም ይወስናሉ።

የትኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው በብዛት የሚገኙት?

በዓለም ዙሪያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ሁለቱ ስታፊሎኮከሶች ናቸው። ኤፒደርሚዲስ ቀስ ብሎ የሚያድግና ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ በሽታ የሚያመጣ ነው። ኦውሬስ አደገኛ ነው። ከነሱ ቀጥሎ ኢንቴሮኮከስ፣ ክሌብሴላ፣ አሲኒቶባክተርና ሱዶሞናስ አሉ። ካንዲዳ ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው፤ እሱም ካቴተር ላይ ባዮፊልም ይሠራል። በተለይ በደም ሥር ምግብ የሚሰጣቸው ታካሚዎች ላይ ይበዛል።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ክሌብሴላን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። አራስ ሕፃናት ክፍሎች ውስጥ ለደም ኢንፌክሽን ግንባር ቀደም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ብዙ መድኃኒትም ለምዷል። እርጥበት ይወዳል። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ የተከፈተ ፈሳሽ፣ ያልደረቀ እጅ ይመቸዋል። ከአንድ ሕፃን ወደ ሌላው የሚያሻግረው እጃችን ነው።

አንቲባዮቲክ ስወስድ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል። ለምን?

ይህ ጥያቄ እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች በጣም የሚያነሱት ነው። ብዙዎች መድኃኒቱ ጥራት የለውም ብለው ያስባሉ። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ባዮፊልሙ ነው።

አንቲባዮቲኩ ደም ውስጥ የሚንሳፈፉትን ይገድላል። ትኩሳቱን ያመጡት እነሱ ስለሆኑ ታካሚው ይሻለዋል። ቱቦው ላይ የተቀበሩት ግን አሉ። ባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያን ለመግደል፣ የሚንሳፈፈውን ከሚገድለው መጠን መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ያህል መድኃኒት ለሰው መስጠት አይቻልም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? መጀመሪያ ዝልግልጉ አንዳንድ መድኃኒቶችን ያዘገያል። የነጭ የደም ሴሎችንም ሥራ ያከብዳል። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ባዮፊልሙ ጥልቀት ውስጥ ምግብና ኦክስጅን ያጥራል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እድገታቸውን ያቆማሉ፣ ይተኛሉ ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚገድሉት የሚያድገውን ነው። ፔኒሲሊን ዓይነቶቹ ለምሳሌ የሚመቱት አዲስ ግድግዳ እየሠራ ያለን ባክቴሪያ ነው። የተኛው ግድግዳ አይሠራም፤ ስለዚህ ያመልጣል። መድኃኒቱ ሲቆም ነቅቶ ይራባል። ትኩሳቱም ይመለሳል።

ይህ መድኃኒት ከመላመድ የተለየ ነገር ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሲፈተሽ "መድኃኒቱ ይሠራል" የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። ሰውየው ላይ ግን አይሠራም። ስለዚህ መድኃኒት በመቀያየር ብቻ ገንዘብና ጊዜ ከማባከን በፊት "ቱቦውስ?" ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ። ቱቦው የገባበት ቦታ መቅላት፣ ማበጥ፣ ማመም፣ መግል መውጣት። የደም ግፊት መውረድና መቃዠት ካለ ነገሩ ከፍቷል፤ ያን ጊዜ ደቂቃም አይባክን።

እጥበት ላይ ላሉ ሰዎች አንድ መለያ አለ። ሰውየው ደኅና ሆኖ ይመጣል። ማሽኑ ላይ ይደረጋል። ትንሽ ቆይቶ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ብርድ ልብስ ይጠይቃል፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል። ደሙ በካቴተሩ ውስጥ በፍጥነት ሲሮጥ ከባዮፊልሙ ላይ እያነሳ ስለሚወስድ ነው። ይህ "ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ቤት ደርሰው የጀመረዎት ከሆነም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አይጠብቁ።

ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ የተበከለ ካቴተር ብዙ ነው። ስለዚህ "ቁስሉ ንጹሕ ነው" የሚለው ብቻውን አያረጋጋም።

ኢንፌክሽኑ ከካቴተሩ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ደም ተወስዶ በካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ተደርጎ። አንዱ ናሙና ከካቴተሩ፣ ሌላው ከእጅ ደም ሥር፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በእኩል መጠን ይቀዳል። በማሽን የሚከታተል ላብራቶሪ ካለ፣ የካቴተሩ ጠርሙስ ከእጁ ጠርሙስ 2 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ባክቴሪያ ካሳየ ምንጩ ካቴተሩ ነው ማለት ይቻላል። ካቴተሩ ውስጥ ያለው ብዛት ስለሚበልጥ ነው የሚቀድመው።

ቱቦው ወጥቶ ከሆነ ጫፉ ሊመረመር ይችላል። ዴኒስ ማኪ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1977 ያስተዋወቁት ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። የቱቦው ጫፍ ተቆርጦ በደም በተሠራ አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሳይ ምግብ) ላይ ይንከባለላል። 15 ወይም ከዚያ በላይ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) ከበቀለ ቁም ነገር ነው ይባላል። ጉድለቱ የሚያሳየው የውጭውን ገጽ ብቻ መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር ደሙ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መቀዳቱ ነው። ካልቸር በየሆስፒታሉ አይገኝም። ካለ ግን "መጀመሪያ ካልቸር ይወሰድልኝ" ማለት የታካሚ መብት ነው።

ካቴተሩ የግድ መውጣት አለበት?

ሁልጊዜ አይደለም። ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ወይም ካንዲዳ ከተገኘ ግን በአብዛኛው ይወጣል። ታካሚው ራሱን ከሳተ፣ ግፊቱ ከወረደ፣ ቆዳ ሥር ያለው መንገድ መግል ከያዘ ወይም በ3 ቀን ሕክምና ደሙ ከባክቴሪያ ካልጠራም እንዲሁ። ኦውሬስ ከሆነ ቱቦው ወጥቶም ቢሆን መድኃኒቱ ደሙ ከጠራ ጀምሮ ቢያንስ 14 ቀን ይቀጥላል፤ ልብ ላይ መድረስ አለመድረሱም ይመረመራል። ትኩሳቱ ስለጠፋ በ5ኛው ቀን ማቆም አደገኛ ነው።

ኤፒደርሚዲስ ከሆነና ታካሚው ሌላ የደም ሥር ከሌለው ቱቦውን ለማትረፍ ይሞከራል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በደም ብቻ አይሰጥም። በጣም የበዛ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ ቱቦው ውስጥ ተሞልቶ ለሰዓታት ይዘጋበታል። ለሰው ሊሰጥ የማይችለውን መጠን ለቱቦው መስጠት ይቻላልና። አንዳንዴም በሽቦ እየተመራ አሮጌው በአዲስ ይለወጣል።

ቱቦ ማስለወጥ ብር ነው፣ ሕመም ነው፣ የቀሩትን ጥቂት ደም ሥሮችም መጠቀም ነው። "ይውጣ" ሲባል ታካሚው የሚጨነቀው በከንቱ አይደለም። ሐኪሙ ምክንያቱን ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሲገባ ምን ቢደረግ ይሻላል?

እዚህ ላይ የሚያኮራ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ፒተር ፕሮኖቮስት የሚባሉ ሐኪም የመሩት ሥራ ነው፤ ውጤቱ በ2006 ታትሟል። ከ103 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች መረጃ መጣ። የተጠየቁት አምስት ነገሮች ብቻ ናቸው። እጅ መታጠብ፤ ቱቦው ሲገባ ጓንት፣ ጋውን፣ ማስክ፣ ቆብና ታካሚውን በሙሉ የሚሸፍን ንጹሕ ጨርቅ መጠቀም፤ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፤ ከተቻለ ብሽሽትን መተው፤ የማያስፈልግ ካቴተርን ማውጣት። በ3 ወር ውስጥ የክፍሎቹ መካከለኛ የኢንፌክሽን መጠን በ1000 የካቴተር ቀን (አንድ ካቴተር አንድ ቀን ሲቆይ አንድ የካቴተር ቀን ይባላል) ከ2.7 ወደ ዜሮ ወረደ።

አዲስ መድኃኒት አልነበረም፣ አዲስ ማሽንም አልነበረም። ነርሷ ሐኪሙ ደረጃ ሲዘል ካየች እንድታስቆመው ሥልጣን ተሰጣት። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። በእኛ ክፍሎች ውስጥ ነርስ "ዶክተር፣ ቆይ፣ ጓንትዎ ነክቷል" ስትል ደስ ብሎት የሚሰማ ሐኪም ያስፈልገናል።

ስለ ማጽጃው አንድ ነገር ልጨምር። ክሎርሄክሲዲን ከአልኮል ጋር ቆዳ ላይ ከተቀባ በኋላ መድረቅ አለበት፤ 30 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። አዮዲን ከሆነ ቢያንስ 2 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሳይደርቅ መርፌ መውጋት ግማሹን ጥቅም መጣል ነው። በእፍ ማድረቅማ ከነጭራሹ አይታሰብም።

ጫፉ ሲከፈትስ?

ጫፉን በ70 በመቶ አልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን መጥረግ ያስፈልጋል። አንዴ ነካ አድርጎ መተው አይደለም፤ እየተሽከረከረ፣ እየታሸ፣ 15 ሰከንድ ያህል። የክሩ ጥርሶች መሃል የደረቀ ደም ይኖራል፤ እሱ መልቀቅ አለበት። ከዚያ ይደርቅ። የባክቴሪያው የመጀመሪያ መያዣ ደም ነው ብለን ነበር፤ ጫፉ ላይ የቀረ የደም ቅሪትም ያው ነው። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ቱቦው በሳላይን በደንብ የሚታጠበውም ለዚህ ነው።

እጥበት ሲጀመርና ሲያልቅ ነርሷም ታካሚውም ማስክ ያደርጋሉ። አፍንጫ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የሚኖርባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ማስክ ከሌለ ቢያንስ ፊትዎን ወደ ሌላኛው ጎን ያዙሩ፣ አያውሩ። የእጥበት ካቴተርዎን ደግሞ ከእጥበት ክፍል ባለሙያ ውጪ ማንም አይክፈተው። ሌላ ክሊኒክ ሄደው "ከዚሁ ደም እንቅዳ" ቢሏችሁ እምቢ በሉ።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ፀበል መጠመቅስ እችላለሁ?

ፋሻው ደረቅና የተለጠፈ ይሁን። ከረጠበ፣ ከቆሸሸ ወይም ከተላቀቀ ይቀየር፤ የሚቀይረውም የሠለጠነ ሰው ይሁን። ሲተኙ ካቴተሩ ባለበት ጎን አይጫኑት። ነጠላ ወይም ሻርፕ አንገት ላይ ሲጠመጥሙ ክዳኑን እንዳይስበው ይጠንቀቁ። ልብስ ሲያወልቁ ፊት ለፊት የሚከፈት ሸሚዝ ይመረጣል። ሕፃን ልጅ ሲያቅፉም እጁ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ።

ከወገብ በታች መታጠብና ላይኛውን በእርጥብ ፎጣ መጥረግ ይሻላል።

ስለ ፀበል የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም በአክብሮት መመለስ አለበት። እምነትዎን ማንም አይነካም። ካቴተሩ ባለበት ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን አይቻልም፤ የትኛውም ውኃ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ ፋሻው ሥር ከገባም እዚያው ይቀመጣል። ለካህኑ ሁኔታውን ይንገሩ። እግርዎን ወይም እጅዎን ማስነካት ይቻላል። ለመጠጣት ደግሞ እጥበት ላይ ያለ ሰው የቀን የፈሳሽ ልክ ስላለው የሚጠጡትን ከዚያ ውስጥ ይቁጠሩት። ቱቦው የገባበት ቦታ ላይ እምነት፣ ቅቤ ወይም ማር አይቀባ።

የእጄ ካኑላ መድኃኒት ባይኖረውም "ለማንኛውም ይቆይ" ተባለ። ችግር አለው?

አለው። ጥቅም የማይሰጥ ካኑላ ስጋት ብቻ ነው። የሚቆይበት ምክንያት ካለ ይነገርዎ፤ ከሌለ ይውጣ። ድሮ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ይቀየር ነበር። በ2012 ከአውስትራሊያ የወጣ ትልቅ ጥናት ግን በቀን ቆጥሮ መቀየሩ ችግር ሲታይ ብቻ ከመቀየር የተሻለ እንዳልሆነ አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ግን ቦታውን በየፈረቃው የሚያይ ሰው ካለ ነው። በድንገተኛ ክፍል በጥድፊያ የገባ ካኑላ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ቢቀየር ይመረጣል። ካመመዎት፣ ከቀላ ወይም ካበጠ አስታማሚዎ ሄዶ ሲስተሯን ይጥራ።

ባክቴሪያ የማይጣበቅበት ፕላስቲክ አይሠራም ወይ?

እየተሞከረ ነው። ፖሊዩሬቴንና ሲሊኮን ከድሮዎቹ ፒ.ቪ.ሲ. ይሻላሉ። በክሎርሄክሲዲንና በብር ውህድ ወይም በሚኖሳይክሊንና ሪፋምፒን የተነከሩ ካቴተሮችም አሉ፤ ኢንፌክሽን ይቀንሳሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ችግሩ ከላይ ያልነው ነው፤ ማንኛውም ፕላስቲክ ደም ውስጥ ሲገባ በደም ፕሮቲን ይለበሳል።

ሌላው መንገድ ቱቦው በማይሠራበት ሰዓት የሚሞላው ፈሳሽ ነው። በተለምዶ ሄፓሪን ይሞላል፤ ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። ታውሮሊዲን ከሄፓሪን ጋር የተቀላቀለበት መድኃኒት በኅዳር 2023 በአሜሪካ ለእጥበት ታካሚዎች ተፈቅዷል። ታውሮሊዲን አንቲባዮቲክ አይደለም። የባክቴሪያውን ግድግዳ ይጎዳል፣ መጣበቁንም ያዳክማል።

ታዲያ ለእጥበት ታካሚ የሚሻለው ምንድን ነው?

ፊስቱላ። የክንድ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ይገናኛሉ፤ ደም ሥሩ ይሰፋል፤ እጥበቱ በዚያ ይሆናል። በ1966 ከኒው ዮርክ የመጣ ዘዴ ነው፤ ዛሬም የሚበልጠው አልተገኘም። ሰውነት ውስጥ የሚቀር ፕላስቲክ ስለሌለ ባዮፊልም የሚሠራበት ቦታ የለም።

ለመብሰል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቀድሞ መታሰብ ያለበት። የኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ኩላሊቱ መድከሙን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ስለሆነ በአንገት ካቴተር ይጀምራል፤ ከዚያም ለወራት እዚያው ይቀራል። ኩላሊትዎ እየደከመ እንደሆነ ከተነገረዎት ዛሬውኑ ሐኪምዎን ስለ ፊስቱላ ይጠይቁ። የማይጽፉበትን እጅ ደግሞ ከመርፌ ይጠብቁት፤ ደም ሲቀዱም ግሉኮስ ሲሰቅሉም ሌላኛውን እጅ፣ በተለይም የእጅ ጀርባን ይስጡ።